በከብት የተረገጠው የሩዝ መደብ

ባለፈው ክረምት ለአክስቴ ለቅሶ ወደ ሾኔ ስወርድ፣ ከተማው ለመግባት ጥቂት ሲቀረን ሚኒባሱ ቆመ። ሃያ የሚሆኑ ከብቶች መንገዱን አቋርጠው ወደ ጨፌው እየወረዱ ነበር። ዝናቡ ገና ማባራቱ ነው። ሾፌሩ መስኮቱን ሲያወርድ በሰኮና የተቦካ ጭቃ ሽታ ገባ፤ እበት፣ የተጨፈለቀ ሣር፣ ከሥር ደግሞ ዝገት ዝገት የሚል የቆየ ውሃ። አጠገቤ የነበረችው ወጣት በነጠላዋ አፍንጫዋን ያዘች። እኔ አንገቴን በመስኮቱ አውጥቼ ሽታውን ሳብኩት።

ለእኔ ያ ሽታ የአንድ ዓመት ሽታ ነው። አምስተኛ ክፍልን ጨርሼ ስድስተኛ የገባሁበት፣ ትምህርት ቤታችን ሩዝ የዘራበት ዓመት።

አባዬ ሾኔ ገበያ ዳር ሱቅ ነበረው። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ እዚያው ነግዶ፣ እዚያው አግብቶ ቀረ። ከስኳሩና ከጨው አጠገብ አንድ የሩዝ ጆንያ አይጠፋም። ሩዝ የሚገዛው ወይ አስተማሪ ነው፣ ወይ ሠርግ የደገሰ፣ ወይ ልጁን ሆዱን ያመመበት ሰው። ስለዚህ ከክፍሉ ልጅ ሁሉ ስለ ሩዝ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አምን ነበር።

የእርሻ አስተማሪያችን ጋሼ ጴጥሮስ ይባሉ ነበር። የአንጋጫ ሰው ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጠመኔውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ረስተውት በየኪሳቸው ጠመኔ የሚፈልጉ። በግንቦት መጀመሪያ አንድ ቀን እፍኝ ሙሉ ቡናማ ፍሬ ይዘው ገቡና በየዴስኩ ጥቂት ጥቂት አስቀመጡልን።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ገብስ!» አለ አንዱ። «አጃ» አለ ሌላው። አጠገቤ የምትቀመጠው ጓደኛዬ አየለች አንዷን ፍሬ ነክሳ ቀመሰችና «የታመመ ገብስ» አለች።

«ሩዝ ነው» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ።

ዘልዬ ተነሣሁ። «ጋሼ፣ ሩዝ ነጭ ነው! እኛ ቤት አለ።»

ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ግን አልሳቁም። «እንግዲያው ረሒማ፣ ከቤትሽ ትንሽ አምጪና ሁለቱን ጎን ለጎን እንዝራቸው። የማን እንደሚበቅል እናያለን» አሉኝ።

በሁለት ቆርቆሮ ዘራን። ከጥቂት ቀናት በኋላ ከቡናማው ውስጥ እንደ መርፌ የቀጠነ አረንጓዴ ብቅ አለ። የእኔ ነጩ ሩዝ አብጦ፣ ሻግቶ፣ ሸተተ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ። ጋሼ ጴጥሮስ ግን ሁለቱንም ቆርቆሮ ከፍ አድርገው ለክፍሉ አሳዩ። «ይሄኛው ልብሱን አውልቆ ነው ገበያ የመጣው። ልብሱን ያወለቀ ዘር አይበቅልም። ረሒማ ባታመጣው ኖሮ ይህን አናይም ነበር» አሉ። ተሳስቶ መመስገን እንዳለ ያን ቀን አወቅሁ፤ ከዚያ ወዲያ ከጥያቄ የሚመልሰኝ ጠፋ።

ዘሩ የመጣው ከአውራጃው ነው። ቦታው ደግሞ ከትምህርት ቤቱ በታች ያለው ጨፌ ሆነ፤ ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ የሚተኛበት ጥቁር ዋልካ መሬት። ለትምህርት ቤቱ ከመሰጠቱ በፊት የአባባ ኤርጫፎ ከብቶች ይግጡበት ነበር። ከዘሩ ጋር የመጣው ትእዛዝ ግልጽ ነው፤ መሬቱን የአምራቾች ማኅበሩ ትራክተር በጥልቀት ይረሰው። ያኔ ትራክተር ለሾኔ ልጆች ከአውሮፕላን አያንስም። ጋሼ ጴጥሮስ ግን መሬቱን ለሦስት መክፈል ፈለጉ። ከርእሰ መምህሩ ጋር ሲከራከሩ በመስኮት ሰምቻቸዋለሁ። «ሁሉንም አንድ ዓይነት ካረስነው ጥሩ መሆኑን በምን እናውቃለን? ከምን ጋር እናስተያየዋለን?» እያሉ ነበር። ርእሰ መምህሩ በመጨረሻ «በራስህ ኃላፊነት» አሏቸው።

ትራክተሩ በመጣበት ቀን አባባ ኤርጫፎ ጋቢያቸውን ተከናንበው ዳር ቆመው ያዩ ነበር። የሀዲያ ገበሬ ናቸው። ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ አማርኛውንም ዘግይተው ስለተማሩት ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ነበር የሚሉት። ትራክተሩ የመጀመሪያውን መደብ ሲገለብጠው ከጥቁሩ አፈር ሥር ነጣ ያለ፣ ድንጋይ የመሰለ ጓል ወጣ። አባባ ኤርጫፎ ጎንበስ ብለው አንዱን አነሱና ለጋሼ ጴጥሮስ ሰጧቸው።

«ይሄ መውጣት የለበትም» አሉ። «ይሄ የመሬቱ ወለል ነው። የእኔ ከብት፣ የአባቴ ከብት፣ የአያቴ ከብት ረግጦ ያጠነከረው። ውሃውን የሚሸከመው እሱ ነው። አሁን ቀደድከው።»

«አባባ፣ እርስዎ ቢሆኑ እንዴት ያርሱት ነበር?» ጋሼ ጴጥሮስ ይህን ሲጠይቁ ደብተራቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ነበር። የተማረ ሰው ያልተማረውን ጠይቆ መልሱን ሲጽፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።

አባባ ኤርጫፎ አሰቡ። «ሩዝ አላውቅም። ጤፍ አውቃለሁ። ለጤፍ በበሬ ላይ ላዩን ታርሳለህ፣ ከዚያ ከብት ታስረግጣለህ። ይሄ ውሃ ይወዳል ካልክ ደግሞ ውሃው እንዳለ አስረግጠው። እንደ ሊጥ እስኪቦካ።»

«መጽሐፍ ላይ አንብቤዋለሁ!» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ በደስታ። «በሩቅ ምሥራቅ አገር ሩዝ የሚዘሩ ሰዎች በጎሽ እንዲህ ያደርጋሉ።»

«ጎሽ የለኝም» አሉ አባባ ኤርጫፎ ቆጣ ብለው።

ሁለተኛው መደብ በዚህ መንገድ ተወሰነ። ሦስተኛውን ጋሼ ጴጥሮስ ማንም እንዳይነካው አሉ። ሣሩ ታጭዶ፣ መሬቱ በሹል እንጨት እየተወጋ ዘር ብቻ ይጣልበታል። ይህን ሲሰሙ አባባ ኤርጫፎ እንኳ አንገታቸውን ነቀነቁ። እኛ ልጆቹ ያንን መደብ «ሰነፉ» ብለን ሰየምነው። እኔ ግን አዘንኩለት፤ አጥፍቶ የተቀጣ ይመስለኝ ነበር። ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ደግሞ አባባ ኤርጫፎ ስለ ወለል ያሉት ነገር ነው። ወለል ካለ ቤት አለ፤ ቤት ካለ ከሥሩ የሚኖር አለ። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ተንበርክኬ ጆሮዬን መሬቱ ላይ አድርጌ አዳመጥኩ። የራሴን ልብ ትርታ ሰማሁና እየሮጥኩ ቤቴ ገባሁ።

ማስረገጡ የሆነው ሰኔ አጋማሽ ላይ ነው። አባባ ኤርጫፎ አሥራ አራት ከብት ነድተው መጡ። መደቡ በበሬ ሁለት ጊዜ ታርሶ ውሃ ተኝቶበት ነበር። ከብቶቹን መካከል አስገብተው እንደ አውድማ ያዞሯቸው ጀመር፤ እኛ ደግሞ ከኋላ እየተከተልን እናጨበጭባለን። መጀመሪያ ሰኮናው ከጭቃው ሲነቀል «ጧ፣ ጧ» ይል ነበር። ቆይቶ ድምፁ ወፈረ። በመጨረሻ ድምፅም ጠፋ፤ መሬቱ ሁሉ አንድ ወጥ ጥቁር ሊጥ ሆኖ ሰኮናውን ዝም ብሎ ይቀበለው ጀመር። አባባ ኤርጫፎ በሀዲይኛ ያዜማሉ።

«ምንድን ነው የሚሉት?» አልኳት አየለችን፤ የእሷ ቤት ቋንቋ ነውና።

«ላሞቹን በየስማቸው እያመሰገኗቸው ነው። ዳለቻዋን ግን እየተቆጧት ነው፤ እግርሽን የምታነሺው ለሠርግ ነው ወይ እያሏት።»

ስቄ ሳልጨርስ አዳለጠኝና በፊቴ ተደፋሁ። ስነሣ ጭቃው አፌ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ጋሼ ጴጥሮስም ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ጠቅልለው ከጭቃው ውስጥ ነበሩ፤ ሊያነሡኝ ሲመጡ እሳቸውም ወደቁ። እናቴ ቀሚሴን በሦስት ውሃ አጥባው ሽታው አልለቅ አለ።

ዘሩ ተዘርቶ የምንጠብቃቸው መደቦች በዕጣ ሲከፋፈሉ ለእኔና ለአየለች የትራክተሩ ደረሰን። ደስታችን ወሰን አልነበረውም። የተረገጠው የደረሳቸው አኮረፉ። ሐምሌ ላይ ደግሞ ኩራታችን እጥፍ ሆነ፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር የከተማው ልጆች በተራ እየወረድን ነበር የምንጠብቀው። የእኛ አፈር ልል ስለሆነ ቡቃያው ከሁሉ ቀድሞ ወጣ፤ በመስመር በመስመር የተሰለፈ ብሩህ አረንጓዴ። የተረገጠው ገና ውሃ ውስጥ ቆሞ ሳስቶና ገርጥቶ ነበር። ሰነፉን ደግሞ አረም ውጦት ሩዙን ለማየት ጎንበስ ብሎ መፈለግ ያስፈልጋል።

በዚያ ሰሞን ከአውራጃው አንድ ካድሬ መጣ። ጓድ ግርማ ይሉታል። ካኪ የለበሰ፣ ጫማው የሚያብረቀርቅ፣ ድምፁ ከሰውነቱ የሚበልጥ ሰው ነበር። ቀጥ ብሎ ወደ እኛ መደብ ሄደና ዳሩ ላይ ቆሞ ፎቶ ተነሣ። «ይህ የሜካናይዜሽን ፍሬ ነው!» አለ። ትከሻዬን መታ መታ ሲያደርገኝ ትራክተሩን የነዳሁት እኔ የሆንኩ ያህል ተሰማኝ። ጋሼ ጴጥሮስ ከኋላ ሆነው «ጓድ፣ ገና ነው፤ አዝመራው ሲደርስ እናየዋለን» አሉ። አልሰማቸውም።

ነሐሴ ላይ ሳይታሰብ ዝናቡ ቆመ። ሰማዩ እንደ ጥር ጠራ። በሦስተኛው ቀን ከእኛ መደብ ላይ አንድ ጠብታ ውሃ አልነበረም። ሳምንት ሳይሞላ መሬቱ ተሰነጣጥቆ እጄ የሚገባበት ክፍተት ወጣለት፤ ቅጠሉም ርዝመቱን ይዞ ተጠቀለለ። አንድ እርምጃ ተሻግሮ ያለው የተረገጠው መደብ ግን አሁንም ውሃ ነበረው፤ ደመና የሌለበትን ሰማይ እያሳየ ይተኛል። ያ ገርጥቶ የነበረው ሩዝ አሁን ወፍሮ፣ ጠቁሮ፣ ጉልበቴን አልፎ ነበር። እኔና አየለች ከጨፌው ዳር ካለው ምንጭ በቆርቆሮ ውሃ እያመላለስን የእኛው ላይ አፈሰስን። ውሃው መሬቱን ሲነካ ይጠፋል።

«እየጠጣው ነው» አለች አየለች።

«ማን?» አልኩ። ከወለሉ ሥር የሚኖረውን እያሰብኩ ነበር።

ጓድ ግርማ ዳግመኛ የመጣው ያን ጊዜ ነው። የእኛን መደብ አየ፤ ጎረቤቱን አየ፤ አንገቱ ቀላ።

«ጓድ መምህር፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ዝናቡ ቆመብን፣ ጓድ» አሉ ጋሼ ጴጥሮስ።

«ዝናቡ ለዚያኛውም ቆሟል! ትራክተር ያረሰው ደርቆ ላም የረገጠው ይለመልማል? እዚህ መሬት ውስጥ አሻጥር ገብቷል። ማን እንዳስገባው ይጣራል። ሰኞ አጣሪ ኮሚቴ ይመጣል።»

የጋሼ ጴጥሮስ ፊት አመድ መሰለ። እኔ «አሻጥር» የሚለውን ቃል በሬዲዮ ከሚሰማ ወሬ ውስጥ በቀር አላውቀውም ነበር። መሬት ውስጥ ይገባል፣ ሰብል ያደርቃል። እንግዲህ የትል ዓይነት ነው አልኩ።

ቤት ስገባ አባዬ ስኳር እየመዘነ ነበር። «አባዬ፣ አሻጥር ምን ይበላል?» አልኩት።

ሱቁ ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አባዬ ሳቅ ብሎ ሸኛቸውና በሩን ገርበብ አደረገው። «ይህን ቃል ከማን ሰማሽ?» አለኝ። ነገርኩት። ጎንበስ ብሎ ሁለቱን ክንዴን ያዘ። «ሁለተኛ በአፍሽ እንዳትጠሪው። ጨፌውም እንዳትደርሺ። ገባሽ?»

ገባኝ። በእኛ ቤት እባብ ከመሸ በስሙ አይጠራም። አሻጥር ግን በቀንም የማይጠራ ስለሆነ ከእባብ የባሰ መሆን አለበት። ከዚያም አባዬ ጓዳ ገብቶ ለእናቴ በሹክሹክታ ሲነግራት ሰማሁት። «ድሮውንም ጴንጤ ነው እያሉ በክፉ ዓይን ያዩታል። አሁን ደግሞ ይህ ተጨመረበት። ሰውየው አለቀለት።» «አለቀለት» ማለትን አውቃለሁ። አሻጥሩ ሰኞ ጋሼ ጴጥሮስን ሊነክሳቸው ነው ማለት ነው። ከዚያ በፊት ፈልጌ ላገኘው ወሰንኩ።

ማግሥቱ ቅዳሜ ነበር። አባዬ በገበያው ተይዞ ሳለ ከሱቁ ጀርባ የወደቀ ረጅም ፌሮ አንሥቼ፣ አየለችን ጠርቼ ወደ ጨፌው ወረድን። አየለች ድንጋይ ይዛለች፤ ሲወጣ ልትጨፈልቀው። በእኛ መደብ ጀመርን። ፌሮውን ስተክለው ያለ ምንም ጣር ክንዴን ያህል ሰመጠ። ቆፈርን፤ ከሥሩ ደረቅ፣ ልል፣ የሚፈረፈር አፈር እንጂ ምንም የለም። ሌላ ቦታ ወጋን፣ ያው ነው። ወደ ተረገጠው መደብ ተሻገርን። ፌሮው በጭቃው ውስጥ አንድ ስንዝር ያህል ገባና «ጠቅ» ብሎ ቆመ። ሁለታችንም ተሰቅለንበት ገፋነው፤ አልሄድ አለ። አሥር እርምጃ ሄደን ሞከርን፤ እዚያም አንድ ስንዝር፣ ጠቅ። ሰነፉ ላይ ደግሞ ላዩ በሥር ተያይዞ ጠንካራ ነው፤ አረሙን ነቅለን ስናይ ግን አፈሩ ርጥብ ነበር፤ የምድር ትልም ሞልቶበታል። የምድር ትልን እናውቀዋለን፤ አሻጥር አይደለም።

«ምን ጠፋብህ?» የሚል ድምፅ ስንሰማ ዘለልን። አባባ ኤርጫፎ ነበሩ።

«አሻጥር እየፈለግን ነው» አልኩ። «እንዳይነክሳቸው ጋሼ ጴጥሮስን።»

አባባ ኤርጫፎ አየለችን በሀዲይኛ ጠየቋት፤ መለሰችላቸው። መደቡ ዳር ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ከዚያ በድንገት ሳቃቸውን አቁመው «እስቲ እንዴት አድርገህ ነው የፈለግከው?» አሉኝ። አሳየኋቸው። ፌሮውን ተቀብለው ራሳቸው ወጉ፤ በትራክተሩ መደብ፣ ከዚያ በተረገጠው። ብዙ ጊዜ ወጉ።

«እኔ በአፌ ተናገርኩ፣ ማንም አልሰማኝም» አሉ ቀስ ብለው። «ይሄ ብረት ግን ይናገራል። ሰኞ ይዘኸው ና።»

ሰኞ ጠዋት ፌሮውን ከበሩ ጀርባ ሳወጣ አባዬ ያዘኝ። የት እንደምሄድ ነገርኩት። በዚያ ዘመን ነጋዴ አንገቱን ደፍቶ ነው የሚኖረው፤ ካድሬ ባለበት አይገኝም። እናቴን አየ። ሱቁን ዘጋው። «ነይ» አለኝና ፌሮውን ተሸከመልኝ።

ኮሚቴው ሦስት ሰው ነበር፤ ጓድ ግርማ፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር፣ ከአውራጃው የመጣ መነጽር ያደረገ ወጣት የእርሻ ባለሙያ። ጋሼ ጴጥሮስ የሰንበት ኮታቸውን ለብሰው፣ ደብተራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆመዋል። ጓድ ግርማ መናገር ሲጀምር አባባ ኤርጫፎ ጣታቸውን አነሱ።

«እሱ ፈልጎ ነበር» አሉ ወደ እኔ እያመለከቱ። «መጀመሪያ እሱን ስማው።»

«እሱ ማን?» አለ ጓድ ግርማ ወንድ ልጅ እየፈለገ።

ወደ ፊት ወጣሁ። «ጓድ፣ አሻጥሩን ፈልገን አጣነው» አልኩ። «በሦስቱም መደብ ብዙ ቦታ ወጋን። የለም። ግን የእኛ መደብ ወለሉም የለም። ውሃው የሚያርፍበት የለውም።»

ባለሙያው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ጓድ ግርማ አልሳቀም። «ይህን እንድትዪ ማን ነገረሽ? አስተማሪሽ ነው?»

ጋሼ ጴጥሮስ መሬት መሬት ያያሉ። እውነቱን ብናገር የማያምነኝ መሰለኝ። ከኋላዬ የአባዬን ድምፅ ሰማሁ።

«ጓድ፣ አባቷ ነኝ። ወደዚህ እንዳትደርስ የከለከልኳት እኔ ነኝ። ይኸው መጣች። ይህች ልጅ የነገሯትን ብትሰማ ኖሮ እኔ ዛሬ ሱቄን አልዘጋም ነበር።»

መጀመሪያ ሊቀመንበሩ ሳቁ፤ የራሳቸው ሴት ልጆች ነበሯቸው። ከዚያ ባለሙያው። ጓድ ግርማም አፉ ጠርዝ ላይ ትንሽ ላላ። ባለሙያው ፌሮውን ከአባዬ ተቀብሎ ወደ መደቡ ገባ። ወጋ፣ ነቀለ፣ በጣቱ ለካ፣ ጻፈ። ወደ ተረገጠው ገብቶም እንዲሁ አደረገ። ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ደርሷል።

«ጓድ፣ ልጅቷ ልክ ናት» አለ ሲመለስ፣ ቃላቱን እየመረጠ። «ትራክተሩ ሥራውን በደንብ ሠርቷል። ለስንዴ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ነበር። ሩዝ ግን ውሃ እንዲተኛለት ይፈልጋል፤ ከሥር ያለው ጠጣር መቆየት ነበረበት። ከብቶቹ ደግሞ ላዩን አቡክተው ቀዳዳውን ደፈኑት። ማንም ምንም አላስገባም።»

ጓድ ግርማ እጁን ዘረጋ። ፌሮውን ተቀብሎ የሚያብረቀርቀውን ጫማ ጭቃ ውስጥ አስገባ። አንድ ጊዜ ወጋ፤ ጠቅ። ሌላ ቦታ ወጋ፤ ጠቅ። ፌሮውን ለባለሙያው መለሰለት። «ሪፖርቱ ከአዝመራ በኋላ ይጻፋል» አለ በመጨረሻ። «እህሉ ሲሰፈር እናያለን።»

የኮሚቴው ሰዎች ሲሄዱ ጋሼ ጴጥሮስ የመደቡ ዳር ላይ ቁጭ አሉ።

«ጋሼ፣ ነከሰዎት?» አልኳቸው።

«ምኑ?»

«አሻጥሩ።»

ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ እየሳቁም ነበር። «አልነከሰኝም ረሒማ። ለጥቂት ነው የሳተኝ።» ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ የነገረኝ ወደ ቤት ስንመለስ አባዬ ነው። እስከ ሱቁ በር ድረስ ፊቴ እየነደደ ሄድኩ።

ዝናቡ ተመለሰ፤ የእኛም መደብ ከሞት ተርፎ ትንሽ ትንሽ አፈራ። ወፍ ስናባርር ከርመን ጥቅምት ሲያልቅ አጨድን። ሦስቱን ለየብቻ በጆንያ ላይ ወቅተን፣ ባለሙያው በተገኘበት፣ ሁሉንም በአንድ ቁና ሰፈርን። የተረገጠው ሁለት ጆንያ ሞልቶ ተረፈ። የእኛ አንዱን ጆንያ እንኳ በግማሽ አልሞላም። ሁላችንንም ያስደነቀን ግን ሰነፉ ነው። በአረም ታንቆ ያደገው፣ ማንም ያልተንከባከበው፣ ከእኛ ጥቂት በለጠ።

እንዲያ ሆኖ ሪፖርቱ ተጻፈ፤ ጋሼ ጴጥሮስም አልተጠየቁም። የመጀመሪያውን ሩዝ የአባባ ኤርጫፎ ባለቤት እማማ አማረች በሙቀጫ ወቅጠው ፈተጉት። ሩዝ አብስለው ስለማያውቁ ከቡላ እንደሚሠሩት አተካና በቅቤና በአይብ አሹት። አባዬ አንድ ጊዜ ጎርሶ «ሠርግ ላይ የሚቀርበው ሩዝ እንግዲህ ምንድን ነው?» አለ፤ ሳህኑንም አልለቀቀም።

እኔ ግን ሰነፉ መደብ ከሐሳቤ አልወጣልኝ አለ። «ጋሼ» አልኩ አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ፣ «ያልታረሰውን አረሙን ብናርምለት ኖሮስ? የተረገጠውን ያህል ይሰጥ ነበር?»

ቆሙ። ጠመኔውን ከጆሯቸው አወረዱና አዩት። «አላውቅም» አሉ። አስተማሪ አላውቅም ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር። እሳቸው ግን ሲሉት ደስ ያላቸው ይመስሉ ነበር። «በሚመጣው ዓመት እናየዋለን።»

የሚመጣውን ዓመት አላዩትም። ከጥምቀት በኋላ ወደ ዶዮገና ተዛወሩ፤ ብርድ አገር ነው፣ ሩዝ የማይታሰብበት። ምክንያቱን የነገረን የለም። በምትካቸው የመጡት አስተማሪ ጎመን መትከል ይወዱ ነበር፤ ጨፌውን ተዉት። ትራክተሩም መለዋወጫ አጥቶ ቆሞ ቀረ። እኔና አየለች ከዘሩ ሁለት እፍኝ ተርፎ ስለነበር አዲሱን አስተማሪ አስፈቅደን አንድ ክፍል የምታህል ጥግ ወሰድን። ግማሹን አባባ ኤርጫፎ ዳለቻዋንና ሁለት ጊደር አምጥተው አስረገጡልን። ግማሹን ሳናርስ ወግተን ዘራንበት፤ ክረምቱን ሙሉ ግን ጣታችን እስኪላጥ አረምነው። ስናጭድ ያልታረሰው ከተረገጠው አነሰ፤ ያነሰው ግን በጣም ጥቂት ነው፤ ልዩነቱን ለማየት ቁናውን ሁለት ጊዜ መስፈር ነበረብን።

ይህንኑ ጻፍንላቸው። ደብዳቤውን አባዬ ወደ ዶዮገና ለሚሄድ የጭነት መኪና ሾፌር ሰጠው። ከሦስት ሳምንት በኋላ በዚያው ሾፌር መልሱ መጣ። አባዬ ሱቅ ውስጥ፣ ደንበኞች እየሰሙ፣ ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር።

«ስንት ጊዜ አረማችሁት? የነቀላችሁትን አረም እዚያው ተዋችሁት ወይስ አወጣችሁት? ያልታረሰው ከምንጩ ወገን ነበር ወይስ ከማዶ? ዘሩን በምን ያህል ጥልቀት ጣላችሁት? ስታጭዱ ሥሩን ነቅላችሁ አይታችኋል? በሁለቱ መካከል የሥሩ ርዝመት ልዩነት ነበረው?...»

አባዬ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ እዚያም ጥያቄ ነበር። «ይህ ሰው ሰላምታ እንኳ የለውም እንዴ?» ብሎ ቀና ሲል እኔ የለሁም፤ የሥሩን ጥያቄ ስሰማ ጨፌው ላይ የቀረውን ሥር ሄደን እንድንነቅል አየለችን ልጠራ ሮጬ ወጥቼ ነበር።